ዛፍ የተደረገው ቤት

አንዱ ጆሮዬ ተደፍኖብኝ ላሳጥበው ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ቀን ነው ከሰውየው ጋር የተገናኘነው። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ ብቻ ነው። በግራ በኩል ጆሮና ቁስል የሚታይበት ክፍል አለ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ሳል የሚመረመርበት። የጆሮ ሰው ወደ ግራ፣ የሳል ሰው ወደ ቀኝ ዞሮ ይጠብቃል። ይኼ ሰውዬ ግን የሳሉ ተራ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ወደ እኛ ወደ ጆሮዎቹ አዙሯል። ነጭ ጋዋኑን ጥርት አድርጎ ተኩሶ፣ አጥፎ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎታል። ጫማው ያበራል። ለሚያየው ሁሉ “እኔ እንኳን የመጣሁት በሌላ ጉዳይ ነው” የሚል ፊት ይዟል።

ያን ዕለት “እርስዎ” እያልኩ ነበር ያወራሁት፤ በዕድሜም ይበልጠኛል፣ መምህርም ነው። አሁን ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ “እሱ” ነው የምለው።

እኔ ጨዋታ ወዳድ ነኝ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዝም ካለ ያቁነጠንጠኛል። በዚያ ላይ የሚሰማው አንዱ ጆሮዬ ብቻ ስለነበር ወደ ሰው ጠጋ ማለት ነበረብኝ። ከሱ ጋር ለማውራት ግን ብዙም አልደከምኩም፤ እኔ ስደርስ ለኮሪደሩ ሰው ሁሉ ትምህርት እየሰጠ ነበር። ሕፃን ያቀፈችውን ሴት “እናት፣ አንገቱን ደገፍ አድርጊለት እንጂ” አላት። ልጁ አንገቱን ካጸና ቆይቷል፤ እንዲያውም ተወርውሮ የሰውየውን ጋዋን ሊይዝ ይታገላል። ቀጥሎ ዘበኛውን ጠርቶ መስኮቶቹ ለምን እንደተዘጉ ጠየቀው። ዘበኛው ክፍት መሆናቸውን በጣቱ አሳየው። “በደንብ ይከፈቱ” አለው ኮስተር ብሎ።

ከዚያ ሳል ያዘው። ከሆዱ የሚነሳ፣ ወገቡን የሚያጥፍ ሳል ነው። በመሐረብ አፉን ከደነና ሲበርድለት መሐረቡን ሰረቅ አድርጎ አየት አደረገው፤ ቶሎ ብሎም አጣጠፈው።

“አቧራ ነው” አለኝ።

ኮሪደሩ ገና መታጠቡ ነበር፤ የወለሉ ውኃ እንኳ አልደረቀም።

ወዲያው ሁለት ነርስ ተማሪዎች ሰሃን ይዘው ብቅ አሉ። እሱን ሲያዩ አንደኛዋ ለጓደኛዋ “ማኅበረሰቡ መጣ” አለቻትና ሳቃቸውን አፍነው በመጡበት ተመለሱ። ያወቁዎት መሰለኝ ብዬ ነካ ባደርገው ደረቱን ነፋ። የነርሶች ኮሌጅ መምህር ነው፤ የሚያስተምረውም የማኅበረሰብ ጤና ነርሲንግ ነው። ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ማኅበረሰቡን ሳይጠራ አንድም ዓረፍተ ነገር አይጀምርም። ማኅበረሰቡ አያውቅም፤ ማኅበረሰቡ አይሰማም፤ ማኅበረሰቡ እጁን አይታጠብም፣ ከታጠበም በሳሙና አይደለም። የሆነ እልኸኛ ጎረቤት የሚያማ ነው የሚመስለው። ይኼ ማኅበረሰብ የሚባለው የት ነው የሚኖረው ብዬ ጠየቅኩት። በመስኮቱ በኩል ወደ ሰፈሩ አመለከተኝ። እርስዎስ ብዬ ስጠይቀው ያንኑ ሰፈር አሳየኝ፤ ጣቱን ብቻ ትንሽ ዝቅ አደረገው።

ጆሮዬን ሰጠሁት። ምን ላድርግ፣ የቀረኝም እሱ አንድ ነው።

ልጅ ሳለ የሚመኘው የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ መሆን ነበር። ተምሮ፣ አረንጓዴውን ልብስ ለብሶ በመጀመሪያው ቀን ሲገባ ሐኪሙ ገና ቆዳውን ከመቅደዱ እሱ ከነመሣሪያው ጠረጴዛ ተዘረረ። ሲነቃ ታካሚው ሳይሆን እሱ ነበር አልጋ ላይ የተኛው። ከዚያ አስተኝቶ ማከሚያ መደቡት፤ እዚያ ከኃላፊዋ ጋር ተጣላ። መድኃኒት ቤት ላኩት፤ ከዚያም አልቆየም። በመጨረሻ ኮሌጁ የማኅበረሰብ ጤና አስተማሪ ሲያጣ እሱ ታወሰ። በኮሌጁ ዘንድ ያ ክፍል ሌላ ቦታ የጠፋለት ሰው የሚወረወርበት ነው። እሱ ለኔ ሲያወራው ግን “መርጠው አስቀመጡኝ” ነው የሚለው። ሙያውን የሚወደው እንዳይመስላችሁ። ሰፈር ለሰፈር መዞር የነርስ ሥራ ሳይሆን የፖስተኛ ነው ብሎ ያምናል። እንግዲህ ይኼን እያመነ ነው ልጆችን ስንት ዓመት በየሰፈሩ ያዞራቸው።

ትምህርቱ ግን ጥሩ ነው፤ ሐቁን ልናገር። ቤት ለቤት ጉብኝት እንዴት እንደሚደረግ ሲያስረዳኝ አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት። አንኳኩተህ ትገባለህ፣ ባለቤቶቹ ባሳዩህ ቦታ ትቀመጣለህ። አንተ ልትነግራቸው የመጣኸውን ትተህ አስቀድመህ እነሱን ያሳሰባቸውን ትጠይቃለህ። የነርስ ቦርሳህን መሬት ላይ አታስቀምጥም፤ ንጹሕ ወረቀት አንጥፈህ ከፍ ያለ ነገር ላይ ታደርገዋለህ፣ እጅህን ሳትታጠብም ከውስጡ ምንም አታወጣም። ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ መስኮት መኖር አለመኖሩን፣ ልጆቹ ማደግ አለማደጋቸውን በዓይንህ ታያለህ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰው ካለ ሳታስፈራራው፣ ጎረቤት ሳታሰማበት፣ አሳምነህ ወደ ምርመራ ትልከዋለህ። በዚያ ቤት ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ ልጁም እንዲታይ ታደርጋለህ፤ ሕፃን ቶሎ ይጎዳልና። ይኼን ሁሉ እንደ ውኃ ነው የሚያንቆረቁረው። ታዲያ እርስዎ ስንት ቤት ገብተዋል አልኩት። ልጆቹን ይልካቸውና እሱ መንገዱ ጫፍ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ “ከውጭ ሆኖ ይከታተላል”። አንድም ቤት ገብቶ አያውቅም። ይኼንንም የነገረኝ በኩራት ነው።

አሁን ወደ ዛፉ ልምጣ።

ተማሪዎቹ ለልምምድ የሚወጡት ከኮሌጁ ጀርባ ባለው ሰፈር ነው። የሰፈሩን ካርታ በትልቅ ካርቶን ላይ የሚስለው እሱ ራሱ ነው፤ ቤቶቹን በትንንሽ አራት ማዕዘን፣ ቧንቧውን በሰማያዊ፣ ቆሻሻ መጣያውን በጥቁር። የሱም ቤት እዚያው ሰፈር መሃል ነው። ካርታው ላይ ግን የለም። ቤቱ ባለበት ቦታ ላይ ዛፍ ስሏል። ግንዱንም ቅርንጫፉንም አሳምሮ፣ በአረንጓዴ ቀለም። ምነው ብዬ ብጠይቀው ዓይኑን በጨው ታጥቦ “የጤና ባለሙያ ቤት ማኅበረሰብ አይባልም” አለኝ። በየዓመቱ የሚመጡት ተማሪዎች ዛፉን እየዞሩ አልፈዋል። አንዳቸውም ይኼ ዛፍ የት አለ ብለው አልጠየቁም።

ዘንድሮ አንዲት ልጅ ጠየቀች። ብልህ ሆና አይደለም፤ እሱ እንደሚለው ከክፍሉ ደካማዋ ናት፣ ሰው ፊት ስትቆም ላብ ያጠምቃታል፣ መንገድም ይጠፋባታል። የሷ ድርሻ ከዛፉ በስተቀኝ ያሉት ቤቶች ነበሩና ዛፉን ፍለጋ ወጣች። ዛፍ የለም። ወጣች ወረደች፣ የለም። ቢጨንቃት አንድ አረንጓዴ በር አንኳኳች።

የከፈተችላት የመምህሩ ባለቤት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ በር ሥር ነው፣ ሜትሩን ከአንገቷ አታወርደውም። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ ዛፉ የት ነው አለቻት። የምን ዛፍ? ካርታውን አሳየቻት። ሴትየዋ የባሏን የእጅ ሥራ አታጣውም። ካርታውን በቁሟ አየችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላትና “ዛፉ እዚህ ነው፣ ግቢ” አለቻት።

ይኼን ሲነግረኝ ሚስቱ አዋረደችው ብዬ እንዳዝንለት እየጠበቀ ነበር። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ጥርሴን ነክሼያለሁ።

ልጅቷ እንደተማረችው ጠየቀች። እዚህ ቤት ማን ማን ይኖራል? ሚስትየው፣ እኔ አለኹ፣ ዛፉ አለ፣ የልጄ ልጅ አለች አለቻት። የሕፃኗ እናት ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ከሄደች ወዲህ ሕፃኗ በአያቶቿ እጅ ናት፤ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። የሚያስል ሰውስ አለ? ዛፉ ያስላል። ከመቼ ጀምሮ? ክረምቱ ሳይገባ ጀምሮ፤ ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፣ ቀበቶውንም ሁለቴ በስቼለታለሁ። ሕፃኗስ? እዚህ ላይ ሴትየዋ ቀልዱን ተወችው አሉ። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ “ለሷ ልብስ መስፋት ካቆምኩ ቆየሁ” አለቻት፤ “የአምናው ልኳ ነው።” የት ነው የምትተኛው? በሁለታችን መሃል።

ይኼን ሁሉ እሱ ደጁ ላይ ቆሞ እየሰማ ነበር። ከሻይ ቤቱ ተነስቶ የመጣው ከቤት መሐረብ ሊወስድ ብሎ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የገዛ የልጅ ልጁ አላድግ ብላለች፣ ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ይኼ ሲባል በጆሮው ሰምቷል። ገባ። ልጅቷ መምህሯን ስታይ ደንግጣ ብድግ አለች። እሱ ምን እንዳየ ታውቃላችሁ? ቦርሳዋን። መሬት ላይ አስቀምጣዋለች፤ ወረቀትም አላነጠፈችም።

በሚስቱ ፊት ስለ ቦርሳ አያያዝ ንግግር አደረገ። ልጅቷ እያለቀሰች ቦርሳዋን አነሳችና፣ ሰው ፊት መናገር የማትችለው ልጅ፣ “መምህር፣ ቦርሳውን አነሳሁት። እርስዎ ግን ይመርመሩ፤ ሕፃኗም ትታይ” አለችው። ዝም በይ፣ ውጪ አላት።

“ዜሮ ሰጠኋት” አለኝ። ከንፈሬን እንድመጥለት ነበር የጠበቀው። አልመጠጥኩለትም።

ሚስቱ ያን ቀን እስኪመሽ ሳትናገር ሰፋች አለኝ። ራት ሲበላ ነው የተናገረችው፤ አንተ እያለች፣ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ሳትጨምር። ወይ ነገ ጠዋት ሄደህ ትመረመራለህ፣ ወይ ሕፃኗን ይዤ እህቴ ጋ እሄዳለሁ አለችው። ጨምራም፣ ለምን ሄድሽ ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ በአንድ እናገራለሁ አለችው። ከቤት ያስወጣው ይኼ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ገና አልጋው ላይ ነበር።

ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይዞዎት ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አባቱ አናጢ ነበሩ፤ እያሳሉ ነው የሞቱት። እሳቸው ከታመሙ በኋላ ሰፈርተኛው ከነሱ ቤት ውኃ አልጠጣም አለ፤ ልጆቹም ከሱ ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። እናቱ ማንም የማይጠጣበትን ብርጭቆ በየቀኑ እያጠቡ ይደረድሩ ነበር። አባቱ ራሳቸው እስከ መጨረሻዋ ቀን መጋዝ ላይ የሚነሳው ብናኝ ነው ይሉ ነበር።

ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ያ የተደረደረ ብርጭቆ ታየኝ። እጄን ትከሻው ላይ ላደርግ ስል ግን ራሱ አበላሸው። ግራ ቀኝ ገልመጥ አለና ከታጠፈው ጋዋን ኪስ ውስጥ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አሳየኝ። ከኮሌጁ የማሳያ ክፍል ያነሳት የአክታ ዕቃ ናት፤ ጠዋት ደጅ ወጥቶ ሞልቷታል።

“ወንድሜ፣ እርስዎ እኮ የሚያውቅዎ የለም” አለኝ። “የመጡት ለጆሮ ነው፤ ወዲያኛው በር ላይ አንዴ ቢቆሙ ምን ይሆናሉ? በእርስዎ ስም ያስገቡልኝ።”

መጀመሪያ የተደፈነው ጆሮዬ ያበላሸው መስሎኝ ነበር። ደግሞ ነገረኝ። በሽታው ቢገኝብኝ፣ ማለቴ ቢገኝብዎት፣ መድኃኒቱን ማን ሊውጥ ነው አልኩት። እሱንም አስቦበታል። እኔ በየጊዜው እየመጣሁ እቀበላለሁ፣ እሱ ሻይ ቤቱ ድረስ መጥቶ ከኔ ይወስዳል። ስንት ወር ሙሉ! ለዚህ ለዚህ ጭንቅላቱ ይሠራል። ሕፃኗስ አልኩት፤ እሷም የኔ የልጅ ልጅ ሆና ልትመዘገብ ነው? የጋዋኑን እጥፋት አስተካከለ። ሕፃኗን ለካ በዕቅዱ ውስጥ አላስገባትም። እኔ አላደርገውም አልኩትና ፊቴን አዞርኩ። ሰው ሲያወራ ፊቴን ያዞርኩበት ቀን ብዙ አይደለም።

በዚህ መሃል የሳሉ ክፍል በር ተከፈተና አፏን በማስክ የሸፈነች ወጣት ነርስ ብቅ አለች። እሱን ስታይ ዓይኗ በራ። “እንዴ፣ መምህር፣ ተማሪዎች ሊያዩ ነው የመጡት?” አለችው። ከባሕር ያወጣችው ነው የመሰለው። ብድግ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና አይ፣ ናሙና ይዤ ነው አላት። ከቤት ለቤት ጉብኝት የተገኘ ነው፤ ከማኅበረሰቡ አንድ ሰው ነው። ሰውየውስ የት አለ ብላ ጠየቀችው። አልተመቸውም አላት።

ነርሷ አክብሮቷን ሳታጓድል፣ ነገር ግን ዕቃዋን ሳትቀበለው ቆመች። ባለቤቱ ሳይመጣ አንቀበልም፣ ይኼን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት አለችው። ሰውየው ይመዘናል፣ ይጠየቃል፤ ደግሞም አብረውት የሚኖሩትን ማወቅ አለብን። “ለመሆኑ ቤቱ ውስጥ ልጅ አለ?”

አግዳሚው ወንበር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ማሳሉን ትቶ ይሰማል። እሱ ወለሉን አየ፣ ጫማውን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ። የለም ሊል ነው። ከንፈሩ ሲዘጋጅ አየሁት።

“አለች” አልኩ ከተቀመጥኩበት። “የአምናው ልብሷ አልጠበባትም።”

ነርሷ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ በእጁ የያዛትን ዕቃ አየች። ገባት። አልሳቀችም፣ አላዘነችም፤ ማስክ አውጥታ ሰጠችውና “ስምዎን መምህር” አለችው። አጉረመረመ። “ይቅርታ፣ ጮክ ይበሉ።” ጮክ አለ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ሕፃን ያቀፈችው ሴት ወደ እኔ ጠጋ ብላ እሱም ታማሚ ነው እንዴ አለችኝ። ከማኅበረሰቡ ነው አልኳት።

ጆሮዬን አጥበውኝ፣ ዓለም ሁሉ እየጮኸብኝ ስወጣ በር ላይ አገኘሁት። ጋዋኑን አሁን ለብሶታል። ማስኩን አገጩ ሥር አውርዶታል። አኮረፈኝ ብዬ ላልፈው ስል ራሱ አስቆመኝና፣ አፍዎን ባይከፍቱ በራሴ መንገድ እጨርሰው ነበር አለኝ። የሱ ውጤት ነገ ይደርሳል። ሕፃኗ ግን ክብደቷ ስላልጨመረ የሱ ውጤት ምንም ቢሆን ነገ ጠዋት ትምጣ ብለውታል፤ እሱም ለጊዜው ብቻውን፣ መስኮት ከፍቶ እንዲተኛ ተነግሮታል። ይኼን ሁሉ የነገረኝ አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው ቅር እያለው ነው።

ያቺን ተማሪዎንስ፣ ዜሮውን ያነሱላታል አይደል አልኩት። “ቦርሳ ቦርሳ ነው” አለኝ። ደህና ይዋሉ ብዬው መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ግን የሕፃኗ ነገር ከንክኖኝ ዞር አልኩና ነገ ይዘዋት ይመጣሉ አይደል አልኩት።

የጋዋኑን ቁልፍ እየቆለፈ “አያቷ ታምጣት” አለኝ። “እኔ ነገ ክፍል አለኝ። እምቢ ያለ ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚያሳምኑት ነው የማስተምራቸው።”